ሐረር ላይ የአይጥ ጉበት ሴሎች አልይዝ ሲሉ

ሄፓ 1-6 የተባለውን የአይጥ ጉበት ካንሰር ሴል ሐረር ላይ ለምታሳድጉ። የእኛዎቹ ከተቀመጡበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ወጥተው ከቀለጡ በኋላ ፍላስኩ (ማሳደጊያው ጠርሙስ) ላይ ቶሎ አይጣበቁም። የተጣበቁትም እድገታቸው ዘገምተኛ ነው። ሚዲያው (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ደግሞ ኢንኩቤተር (ሙቀቱና ጋዙ የተመጠነ ሳጥን) ውስጥ አድሮ እንኳ ጠዋት ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ መሆን ነበረበት።

መጀመሪያ ሚዲያው ላይ የሚጨመረውን ሴረም ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ሴል የሚበክለውን ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ በፒሲአር ምርመራ ፈለግን፤ ንጹህ ነው። ሌላ ቫያል (የሴል ብልቃጥ) አቀለጥን፤ ያው ነው። የጋዝ ሲሊንደርም ተቀየረ። የኢንኩቤተሩ ስክሪን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 በመቶ ይላል፤ በሌላ መለኪያ ሲታይም 5 ነው።

ጉዳዩ ከፍታው ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ የሚሠራው እንደ 4 ነው። ሚዲያው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ያይላል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ይወጣል፤ ሚዲያው ሮዝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የእኛ ሚዲያ፣ ዲኤምኢኤም፣ በሊትር 3.7 ግራም ባይካርቦኔት ስላለው ደግሞ ይብስበታል።

5ን ለ0.8 አካፍለን ኢንኩቤተሩን 6.2 ላይ አደረግነው። ሴል የሌለው ሚዲያ ክዳኑን አላልተን አሳደርን፤ ጠዋት ቀዩ ተመልሷል። ሴል የዘራነው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ ተዘርግተው፣ ጎን ለጎን ተያይዘው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንዴት ደስ ይላል!

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 5.8 ገደማ ይበቃታል። ከፍታን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ኢንኩቤተሮችም ስላሉ ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት ማኑዋሉን እዩ።