ዝቅ ባለ አማካይ ውጤት ወደ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ለመግባት

አማካይ ውጤቱ ዝቅ ያለ አመልካች አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን የሚያፈሰው አጠቃላዩን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ነው። ብዙ ክሬዲት የተጠራቀመበት አማካይ ግን በቀላሉ አይነቃነቅም፤ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ የማይክሮባዮሎጂና የኬሚስትሪ ውጤቶችን ከአጠቃላዩ ለይተው ይመለከታሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ትራንስክሪፕቱን ዘርግቶ እነዚህን ኮርሶች ለብቻቸው ማስላት ነው።

በ60 ክሬዲት 2.7 አማካይ ያለው አመልካች አለ እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ ክሬዲት የሳይንስ ሲሆኑ የእነሱ አማካይ 2.5 ነው። ይህ ሰው «ሲ» ያገኘባቸውን ሁለት ባለ 4 ክሬዲት የሳይንስ ኮርሶች በድጋሚ ወስዶ በሁለቱም «ኤ» ቢያመጣ፣ አዲሱ ውጤት የቀድሞውን በሚተካበት ትምህርት ቤት የሳይንስ አማካዩ 3.5 ይደርሳል፤ አጠቃላዩ ግን ከ2.97 አያልፍም። ሁለቱንም ውጤቶች ደምሮ በሚያሰላ ትምህርት ቤት ደግሞ ያው ድካም የሳይንስ አማካዩን 3.0 ላይ ያቆመዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ፣ ለድጋሚ ትምህርት ገንዘብ ከመክፈል በፊት የተደገመ ኮርስ እንዴት እንደሚሰላ፣ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድና ዝቅተኛው የመቁረጫ ነጥብ ስንት እንደሆነ ለቅበላ ክፍሉ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። አንዳንዶቹ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የቆየ የሳይንስ ኮርስ ጨርሶ ስለማይቀበሉ ይህም አብሮ ይጠየቅ።

የመግቢያ ፈተና ባለበት፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ቲስ ወይም ሄሲ የሚባሉትን በሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች፣ ከፍ ያለ የፈተና ነጥብ የአማካዩን ጉድለት በከፊል ሊሸፍን ይችላል። በቲስ ብዙ ጥያቄ የያዘው ክፍል ሳይንስ ነው፤ ስለዚህ አናቶሚን በድጋሚ ተምሮ ብዙ ሳይቆዩ መፈተን አንዱን ጥናት ለሁለት ያውላል።

በማመልከቻ ጽሑፉ ላይ ዝቅ ያለውን ውጤት አለማንሳት ብልህነት አይመስለኝም፤ ትራንስክሪፕቱ በእጃቸው ነውና። «በዚያ ሴሚስተር ሙሉ ቀን እየሠራሁ እማር ስለነበር ኬሚስትሪ ላይ ወደቅሁ፤ የሥራ ሰዓቴን ቀንሼ ኮርሱን ደግሜ በኤ አልፌዋለሁ» የሚል ሐሳብ በቂ ነው፤ ምሬት ሲበዛበት ሰበብ ይመስላል። የድጋፍ ደብዳቤውን በቅርቡ ካስተማሩ የሳይንስ መምህር ወይም በረዳትነት ሲሠሩ ካዩ ነርስ ማግኘት፣ የቤተሰብ ወዳጅ ከሆነ ባለሥልጣን ከማምጣት እጅግ ይሻላል።

በቀጥታ ዲግሪ መግባት ካልተቻለ፣ አጠር ያለውን የፕራክቲካል ነርስ ሥልጠና ጨርሶ፣ ፈቃድ አውጥቶ እየሠሩ ወደ ከፍተኛው ደረጃ በሚያሸጋግር ፕሮግራም መቀጠል በብዙ አገሮች ያለ መንገድ ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ቢሆንም በሥራ ላይ የተገኘው ልምድ ለቀጣዩ ማመልከቻ ይጠቅማል።

ውጤት ሳያዩ ሁሉንም እንቀበላለን ከሚሉ ተቋማት ጋር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመመዝገብ በፊት፣ ተመራቂዎቻቸው የሙያ ፈቃድ ፈተና እንዲቀመጡ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ተቋሙን ራሱን ሳይሆን ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ክሬዲቱን ሌላ ትምህርት ቤት ይቀበለው እንደሆነም ወደፊት ሊዛወሩበት ካሰቡት ትምህርት ቤት ያረጋግጡ።