አፈርን በሥር ማላላት፦ ሸፋኝ ሰብል በሚታረስ ማሳ ላይ

በምዕራብ ጎጃም በነሐሴ ዝናብ ማግስት አንድ የበቆሎ ግንድ ከነሥሩ ቆፍሮ ያወጣ ሰው፣ ሥሩ አንድ ስንዝር እንኳን ሳይወርድ ድንጋይ እንደገጠመው ሁሉ ወደ ጎን ተጣሞ ሊያገኘው ይችላል። ድንጋይ ግን የለም። ያለው፣ ማረሻው በየዓመቱ በዚያው ጥልቀት ሲመላለስና የበሬ ኮቴ እርጥቡን መሬት ሲረግጥ የጠቀጠቀው ንብርብር ነው። የጤፍ ማሳ ደግሞ ከገመሳ (ከመጀመሪያው እርሻ) ጀምሮ አራትና አምስት ጊዜ ስለሚታረስ፣ በብዙ ቦታም ከመዘራቱ በፊት በከብት ስለሚረገጥ፣ የላይኛው አፈር ዱቄት ይሆናል። ዱቄት የሆነ አፈር ኃይለኛ ዝናብ ሲመታው ገጹ ይለጠፍና ውሃውን ወደ ውስጥ ከማስረግ ይልቅ ወደ ታች ገበሬ ማሳ ይሰደዋል።

ሸፋኝ ሰብል ማለት ለምርቱ ሳይሆን መሬቱ ባዶውን እንዳይውል የሚዘራ ተክል ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ጠብታ ይቀበላል፤ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ሥሩ ነው። በሕይወት ያለ ሥር የሚያመነጨው ሙጫ መሰል ፈሳሽና በዙሪያው የሚያድጉት የሻጋታ ክሮች የአፈሩን ቅንጣቶች አያይዘው ፍርፋሪ ያደርጓቸዋል፤ ሥሩ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ የተወው ቀዳዳ ለውሃ፣ ለአየርና ለቀጣዩ ሰብል ሥር መውረጃ ይሆናል። ይህን ማረሻ ሊሠራው አይችልም።

ዘር ከመግዛት በፊት የማሳውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። አፈሩ እርጥበት ይዞ ሳለ ቀጭን የፌሮ ብረት በእጅ ወደ ታች ይግፉ፤ በቀላሉ ሲወርድ ቆይቶ በድንገት የሚያስቸግርበት ጥልቀት የተጠቀጠቀው ንብርብር የሚጀምርበት ነው። ቀጥሎም ባቄላ የሚያህል የደረቀ የአፈር ፍርፋሪ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ በቀስታ ይጣሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈርሶ ውሃውን ካደፈረሰው፣ የአፈሩ መዋቅር ደካማ ነው። በመጨረሻም ሁለቱም ጫፉ የተቆረጠ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ጥቂት ወደ መሬት ቀብረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ለመስረግ የወሰደበትን ደቂቃ ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር በኋላ ይፈለጋል።

የሰብሉን ምርጫ በተመለከተ፣ እንደ እኔ አስተያየት ለጎጃምና ለአዊ ደጋና ወይና ደጋ ከውጭ ከመጣ ዘር ሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ግብጦ (ሉፒን የሚባለው ጥራጥሬ) ነው። ዋና ሥሩ ወፍራምና ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፤ ከጎኑ እንደ ብሩሽ የሚጎፈሩት ትንንሽ ሥሮቹም በአሲዳማ አፈር ውስጥ ተይዞ የቀረውን ፎስፈረስ የሚያስለቅቅ አሲድ ያመነጫሉ። የተዳከመ መሬት ላይ፣ ብዙ እርሻ ሳይፈልግ ይበቅላል፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን አይዝሩት። ከሁሉ በላይ ግን መራራ ነው። እህል ተሰብስቦ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት አገር፣ ለምለሙ ሸፋኝ ሰብል በሁለት ቀን ውስጥ የጎረቤት በሬ ሆድ ውስጥ ሲገባ፣ መራራው ግብጦ ቆሞ ይቀራል። ተቆልቶ በወራጅ ውሃ ለቀናት ተዘፍዝፎ የሚበላውም በዚሁ መራራነቱ ምክንያት ነው። ጣፋጭ የተባለውን ዝርያ የሚዘራ ሰው ይህን ጥበቃ እንደሚያጣ ይወቅ።

ማሳውን ማስጠበቅ ለሚችል ገበሬ ቬች፣ ማለትም ለከብት መኖ የሚዘራው የአተር ዘመድ፣ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ሲዘራ በሄክታር 30 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ሰባት ወይም ስምንት ኪሎ ይበቃል። ከአጃ ጋር ቢደባለቅ የአጃው ጭራማ ሥር የላይኛውን አፈር ማያያዙን፣ የቬቹ ሥር ደግሞ ናይትሮጅን ማቅረቡን ይሸከማሉ። ሞቃታማ በሆነው የበቆሎ አካባቢ ላብላብ የሚባለው ሐረግ የሚጥል ጥራጥሬ ይሻላል፤ ሐረጉ በቆሎውን ጠምጥሞ እንዳይጥለው ግን በቆሎው ከጉልበት ካለፈ በኋላ፣ ከሁለተኛው አረም ጋር፣ በመስመሮቹ መካከል መዘራት አለበት። ዝናቡ ቀድሞ በሚያቆምበት ቦታ ለዋናው ሰብል የሚያስፈልገውን እርጥበት ሊሻማ ስለሚችል ባይዘራ ይመረጣል።

ጊዜውን ጠብቆ መቁረጥ ከመዝራቱ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቬች ግማሽ ያህሉ አበባ ሲያወጣ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ይታጨዳል። እኔ በአንድ ዓመት «ትንሽ ይጨምር» ብዬ ሁለት ሳምንት ብዘገይ፣ የረገፈው ዘር በቀጣዩ ክረምት ከጤፉ ቀድሞ በቅሎ፣ አረሙን የነቀሉት ሴቶች ስሜን በበጎ አላነሡትም። የታጨደው ለምለም ነገር ከላይ ተነጥፎ ቢቀር ይመረጣል፤ በማረሻ መቀላቀል ግድ ከሆነ ደግሞ ዋናው ዘር ከመዘራቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆይ። ለከብት መኖ ካስፈለገ ላዩን አጭዶ ሥሩን መተው ይቻላል። ተክሉን ከነሥሩ መንቀል ግን የተደከመበትን ሁሉ ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አምስት ጊዜ ማረስ ሥሩ የገነባውን መልሶ መፍጨት ነው። ለበቆሎ የሚዘራበትን መስመር ብቻ ከፍቶ ሌላውን መተው ይቻላል፤ ለጤፍ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ይህ ይከብዳል፣ ቢያንስ ግን አንድ ወይም ሁለት እርሻ መቀነስና እርጥብ መሬት ላይ በሬ አለማስገባት ያዋጣል። ለልቅ ግጦሹ ግን አንድ ገበሬ ብቻውን መፍትሔ የለውም፤ ማሳቸው የሚዋሰን ሰዎች ከብት የሚለቀቅበትን ቀን ተስማምተው መወሰን አለባቸው፣ ስምምነቱም መደረግ ያለበት ከመዘራቱ በፊት እንጂ በሬው ከገባ በኋላ አይደለም።

መጀመሪያ ከሩብ ሄክታር አይለፉ፤ ከጎኑም ሸፋኝ ሰብል ያልተዘራበት ጠባብ መስመር ይተዉ። በቀጣዩ ክረምት ቆርቆሮውን በሁለቱም ላይ ቀብረው ውሃው የሰረገበትን ደቂቃ ያነጻጽሩ። በአንድ ዓመት ልዩነቱ ጥቂት ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይታይ አይገርምም፤ በዚያው መሬት ላይ ቢያንስ ሦስት ክረምት ሳይሞከር ፍርድ መስጠት መቸኮል ነው።