ነጭ ፈትልን በባክቴሪያ ወይን ጠጅ ማድረግ፦ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር የሚስማማ ማቅለሚያ

የመንዝ በግ ነጭ ፈትል 10 ግራም፣ አንድ ሊትር የባክቴሪያ ምግብ፣ አንድ ሳምንት ትዕግሥት። ለመጀመሪያ ሙከራ ይኼ ይበቃችኋል። ሙሉ ልቃቂት ይዛችሁ እንዳትጀምሩ። ከአንድ ሊትር የሚገኘው ንጹሕ ቀለም በሚሊግራም የሚለካ ነው፤ ፈትሉ ከበዛበት ወይን ጠጅ መሆኑ ቀርቶ አመዳም ሆኖ ይወጣል።

ቀለሙ ቫዮላሲን ይባላል። በአፈርና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ሐምራዊ ቀለም ነው። ትሪፕቶፋን የሚባለውን የፕሮቲን ቅንጣት ሁለት ሁለቱን ያጋጥሙና ቀለም ያደርጉታል። እኔ የምሠራው ጃንቲኖባክቴሪየም ሊቪደም በሚባለው ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ጃንቲኖ እንበለው።

ጃንቲኖን የመረጥኩት ብርድ ስለማይጎዳው ነው። በጣም የሚመቸው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ያድጋል። በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ግን አብዛኛው ዝርያ አያድግም። ብዙዎቹ የቤተ ሙከራ ባክቴሪያዎች ሌት ተቀን ማሞቂያ ይፈልጋሉ። እኛ ያለነው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል፤ እንደዚህ ባለ አገር ያለ ማሞቂያ የሚሠራ ቀለም ሠሪ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይኼ ሁሉ ልፋት ለምን ካላችሁ፣ ለውሃው ብዬ ነው። በረሳ ከተማችንን አልፎ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ጀማ ደግሞ ዓባይ ይገባል። ፈትል ነክረን የምንደፋው ውሃ ከታች ለከብት መጠጥና ለልብስ ማጠቢያ የሚጠብቀው ሰው አለ። ዛሬ ዓለም የሚለብሰው ቀለም አብዛኛው መነሻው ነዳጅ ነው። ታሪኩ የጀመረው በ1856 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት የወባ መድኃኒት ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ኬሚካል ቀለም ዓለምን ሞላው። ጥጥን በኬሚካል ቀለም ለማቅለም ብዙ ጨው ይጨመራል፣ ከቀለሙም ጨርቁ ላይ ሳይያዝ ከውሃው ጋር የሚሄድ አለ። አዞ (azo) ከሚባሉት ኬሚካል ቀለሞች መካከል ሲፈርሱ ካንሰር አምጪ ነገር የሚወጣቸው ስላሉ አውሮፓ ውስጥ እነዚህን በልብስ ላይ መጠቀም ተከልክሏል። እኛ ገበያ ላይ በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠው ዱቄት ግን ስሙም የመጣበትም አልተጻፈበትም። ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር በባዶ እጄ አቡክቼ ወንዝ መድፋት አልፈልግም።

ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ባክቴሪያውን ከታወቀ ቦታ አግኙ። ይኼን ሳልደጋግም አላልፍም፤ ከወንዝ ወይ ከጓሮ ሐምራዊ ነገር አግኝታችሁ እንዳታሳድጉ። ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም የሚባለውም ልክ እንደዚሁ ሐምራዊ ነው፤ ሰው የሚይዘው አልፎ አልፎ ቢሆንም ሲይዝ ግን ይከፋል። ቀይ ቀለም የሚሠራው ሰራሺያ ማርሰሰንስም ለደካማ በሽተኛ አደገኛ ነው። አደገኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን ብቻ አይለይም። ስለዚህ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ባለሙያ አነጋግሩ፤ የማሳደጉን ሥራ እነሱ ዘንድ፣ የማቅለሙን ሥራ እናንተ ዘንድ አድርጉት። እኔም የምሠራው እንደዚያው ነው። የተማረ ልጅና ፈትል የሚያውቅ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው ይኼ ነገር የሚሠምረው።

ምግቡ ቀላል ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ቤተ ሙከራ የሚጠቀምበትን ኑትሪየንት ብሮዝ የሚባል የባክቴሪያ ምግብ ዱቄት ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ትበጠብጡና 10 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ትጨምራላችሁ። ቆዳ የምንቀባው ግሊሰሪን ማለቴ ነው፣ ግን ሽቶና ሌላ ነገር ያልገባበት ንጹሑ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ወር ያቃጠልኩበትን ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ «ጣፋጭ ካበላሁት ይበረታል» ብዬ በግሊሰሪኑ ፋንታ የፋርማሲ ግሉኮስ ጨመርኩ። በማግስቱ ፈሳሹ ደፈረሰ፤ አደገልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ሳምንት ጠበቅሁ። የእርጎ ውሃ መስሎ ቀረ፣ ሐምራዊ የሚባል ነገር የለም። ባክቴሪያው ሞቷል ብዬ ደፋሁት፣ ደግሜ አሳደግሁ፣ ደግሞም ያው። በኋላ ሲገባኝ ለካ ግሉኮስ ሲያገኝ ቀለም መሥራቱን ይተዋል፤ ግሊሰሪን ሲሆን ግን ቀለሙ ይጨምራል። ማደጉና ቀለም መስጠቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ምግቡን ከባክቴሪያው በፊት በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስን ሁሉ በሚገድል ዕቃ) ማምከን ግድ ነው። መጻሕፍት 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ይላሉ። ነገር ግን የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፣ የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ ቀስቱ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈውን ቁጥር ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት እዚህ 116 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ከሆነ በእሱ ሂዱ። በግፊት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት አድርጉት። ይኼን ሳያውቁ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶባቸው የተዉ ሰዎች አይቻለሁ።

ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያውን ትጨምራላችሁ። ዕቃው ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ ይሁን፣ አየር ስለሚፈልግ። አፉን በጥጥ ወይም በፎይል ሸፍኑት፣ ግን ድፍን አድርጋችሁ አትክደኑት። በ25 ዲግሪ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። በእኛ ክፍል ሙቀት እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በየቀኑ ከመስታወቱ ጎን ሆናችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ የሚታየው ፈሳሹና አየሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ በብርጭቆው ግድግዳ ዙሪያ፣ ቀጭን ሐምራዊ ቀለበት ነው። ከዚያ ከቀለበቱ ላይ ቅርፊት የመሰለ ነገር እየተላጠ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀለበቱ በታየ በሁለተኛው ቀን ፈሳሹ በሙሉ ይጠቁራል። ያን ቀለበት ባየሁ ቁጥር አሁንም ደስ ይለኛል። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይ ሮዝ ነገር ከታየበት ግን ሌላ ተሕዋስ ገብቶበታል፤ ሳትከፍቱ መልሳችሁ አምክኑትና ድፉት።

ባክቴሪያው እስኪደርስ ፈትሉን አዘጋጁ። የመንዝ በግ ፀጉሩ ሸካራ ነው፣ ቅባትም አለው፤ ቅባቱ ካልለቀቀ ቀለም አይቀበልም። ነጩን ብቻ ምረጡ። ጥቁሩና ቡናማው በራሱ ያምራል፣ ባናውም በርኖሱም በተፈጥሮ ቀለሙ ነው የኖረው፤ እሱን አትንኩት። ነጩን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ እጠቡ። አትሹት፣ አትጭመቁት፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት አትክተቱት፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ብርድ ልብስ ይሆንባችኋል። በእንዶድ የምታጥቡ ካላችሁ እንዶድ በደንብ ያጸዳል፤ ነገር ግን እጣቢውን ወንዝ አትድፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይኼን ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ይገኝ ነበር። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ግኝቱ ለበሽታው መከላከያ ትልቅ ነገር ሆነ፣ ዓሣንም ግን ይገድላል። መሬት ላይ፣ ከውሃ ራቅ አድርጋችሁ ድፉት።

አሁን ማቅለም። ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው፣ እኔ የምመርጠው፣ ባክቴሪያውን ራሱን ከፈትሉ ጋር ማሞቅ ነው። ቤተ ሙከራው በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ከታች የረጋውን ሐምራዊ ጭቃ ይሰጣችኋል። ይኼን በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጡት። ለምግብ የማይውል ብረት ድስት ተጠቀሙ፣ ከዚያ በኋላ ያ ድስት ወጥ ቤት አይመለስም። እርጥብ ፈትሉን ክተቱበትና በዝግታ ወደ 80 ዲግሪ አድርሱት። አንድ ሰዓት በዚያው አቆዩት። እዚህ አገር ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ «ሲፈላ» ብላችሁ አትገምቱ፤ ቴርሞሜትር ግዙ። ሙቀቱና ሰዓቱ ሲለያይ ቀለሙም ይለያያል፤ አንዴ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዴ ወደ ወይን ጠጅ። ስለዚህ ጻፉት። ሙቀቱ ባክቴሪያውንም ስለሚገድለው ከድስቱ የሚወጣው ፈትል ቀለም ብቻ የያዘ ነው።

ሁለተኛው በአልኮል ማውጣት ነው። ቫዮላሲን በውሃ አይሟሟም፣ በአልኮል ግን ወዲያው ይለቃል። 95 በመቶ የሆነ ኤታኖል ያስፈልጋል። «አረቄ አገር ሆነን» የሚለኝ ሰው አለ፤ ዳግም አረቄ እንኳን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ አይሆንም። ጭቃውን በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል በጥብጣችሁ ለጥቂት ሰዓት ጨለማ ውስጥ አስቀምጡና በማጣሪያ ወረቀት አጥሩት። ፈትሉን በዚያ ነክራችሁ ተከድኖ ይደር። ቀለሙ ከመጀመሪያው መንገድ ይልቅ እኩል ይይዛል። እሳት ግን አጠገቡ አይድረስ፣ ሻማም ምድጃም። አልኮሉ ውድ ስለሆነ ለአንድ ስካርፍ እንጂ ለባና አይሆንም።

ሲቀዘቅዝ አለቅልቁትና ጥላ ውስጥ አስጡት።

ይይዛል ወይ? ይኼን የፈተነችልኝ ሞላሌ ገበያ ፈትል የምትሸጥ እናት ናት። ፈትሉን ተቀበለችኝና አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጥብቅ አድርጋ አሸችው፣ ከዚያ ጣቷን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ጠረገችው። ነጠላው ነጭ ሆኖ ቀረ። «በእጥበት አይለቅም ልጄ፣ ፀሐይስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነበር። የቫዮላሲን ድክመቱ ብርሃን ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እርጥብ የሐር ክር ላይ ያገኙትን ይኼንኑ ባክቴሪያ ለማቅለሚያ ሞክረው ውጤቱን በ2000 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙም ያስተዋሉት ይኼንኑ ነው፤ ሐር፣ ሱፍ፣ ጥጥና ናይለን በሐምራዊ ቀልሞ ነበር፣ ፀሐይ ላይ ግን ይደበዝዛል።

ስለዚህ ራሳችሁ ፈትኑ። ፈትሉን በካርቶን ላይ ጠቅልላችሁ ግማሹን በፎይል ሸፍኑና ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት አኑሩት። ፎይሉን ስታነሱ ሁለቱን ግማሽ አስተያዩ። የእኔ ክፍት የነበረው ግማሽ ወደ ሊላ ሄዶ ነበር። እንግዲህ ሜዳ ላይ ለሚለበስ በርኖስ አይሆንም ማለት ነው። ለቤት ውስጥ ትራስ ልብስ፣ ለአንገት ልብስ፣ ለግድግዳ ጌጥ ግን ይሆናል። ለሚገዛችሁ ሰውም «ፀሐይ ላይ አታስጣው» ብላችሁ ንገሩት፣ ወረቀት ላይም ጻፉለት። ደብቃችሁ ብትሸጡ በቀጣዩ ክረምት መልሶ ይመጣል፣ የሥራውም ስም ይጠፋል።

ጥጥ የያዛችሁ ሸማኔዎች ቅር እንዳይላችሁ፣ በጥጥ ላይ እንደ ሱፍና ሐር አይደምቅም። ለጥለት ከፈለጋችሁት የሐር ክር አቅልማችሁ በጥጡ ድር መካከል እንደ ማግ ብታስገቡት ይሻላል።

ንጹሕ ነው ብዬ ግን አላጋንንም። ማምከኛው መብራት ይበላል፣ ግሊሰሪኑም አልኮሉም ከሆነ ቦታ ነው የሚመጣው። በትልቅ ደረጃ የሚሠሩት ይኼን ለመቀነስ ነው የሚታገሉት። እንግሊዝ ኖርዊች ያለው ከለሪፊክስ የሚባል ኩባንያ ቀለሙን ከተሕዋሱ ለይቶ ከማውጣት ይልቅ ተሕዋሱ ራሱ ቀለሙን ጨርቁ ላይ እንዲያደርስ ያደርጋል። የእኔ የመጀመሪያው መንገድም በትንሹ ከዚያ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ አልኮሉን ያስቀራል።

የተረፈውን እንዲህ አድርጉ። ቤተ ሙከራ የቀረው ያልሞቀ ፈሳሽ ሁሉ እንደገና ይመከናል፤ የነካው ዕቃ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በሆነ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል። በረኪናና አልኮል አንድ ዕቃ ውስጥ እንዳይገናኙ። የድስቱን ውሃ ግን ወዲያው አትድፉት። ፈትሉን ካወጣችሁ በኋላ አሁንም ሐምራዊ ከሆነ ሌላ 5 ግራም ነጭ ክተቱበትና በዚያው ሙቀት አንድ ሰዓት ድገሙት፤ የገረጣ ሊላ ይወጣል። ሦስተኛው ዙር ላይ ውሃው እየጠራ ይመጣል። ያን ጊዜ ቀዝቅዞ ዛፍ ሥር ይፈሳል።