ከለንደን እስከ ፍራንክፈርት፦ የበረራ ርቀትንና ሰዓትን ከደሴ ሆኖ ማስላት

ከለንደን ተነሥቶ በፍራንክፈርት በኩል ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ያለው የደሴ ሰው፣ በስልክ የተላከለትን የትኬት ፎቶ ሲያነብ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ ነው። ርቀቱ ይቀላልና ከእርሱ እንጀምር።

የአየር ርቀት የሚለካው በቀጥታ መስመር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ቢለካ ግን 15 አይሞላም። ጉግል ኧርዝ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ማስመሪያውን መርጠው አንዱን ጫፍ በለንደኑ ሂትሮው፣ ሌላውን በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢያሳርፉ 655 ኪሎ ሜትር ገደማ ያገኛሉ፤ ውጤቱ በኖቲካል ማይል (በባሕርና በአየር ጉዞ መለኪያ) ከመጣ በ1.852 ያባዙት። ነጥቡ የሚቀመጠው በማረፊያው ላይ እንጂ በከተማው ላይ ስላልሆነ፣ በትኬቱ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አስቀድመው ይመልከቱ። ኤፍ አር ኤ ለከተማው ቅርብ የሆነው ነው፤ ኤች ኤች ኤን ግን ፍራንክፈርት-ሃን ይባል እንጂ ከከተማው በመኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የኮምቦልቻው ማረፊያ ራሱ ዲ ኤስ ኢ በሚል የደሴ ኮድ ስለሚታወቅ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቢያካፍሉት 49 ደቂቃ ይመጣል። ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ሲጨመርበት በአየር ላይ የሚቆየው 1 ሰዓት ከ20 ያህል ነው። ትኬቱ ግን አውሮፕላኑ ከበሩ ከሚንቀሳቀስበት አንሥቶ ደርሶ እስኪቆም ያለውን ስለሚቆጥር፣ በማኮብኮቢያው ዙሪያ ወረፋ የሚበዛበት ሂትሮው ሲታከልበት 1 ሰዓት ከ40 ቢል አያስገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ትኬት የሚጽፈው የየአገሩን ሰዓት ነው። በክረምታቸው፣ ማለትም በእኛ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው የብርድ ወቅታቸው፣ ከሂትሮው 10:00 ተነሥቶ ፍራንክፈርት 12:40 የሚደርስ በረራ 2 ሰዓት ከ40 የፈጀ ይመስላል፤ ሲመለስ ደግሞ 10:00 ተነሥቶ 10:45 ይደርስና 45 ደቂቃ ብቻ የወሰደ ይመስላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ ፍራንክፈርት ለንደንን በ1 ሰዓት ይቀድማል። እኔ የማምነው ዘዴ ሁለቱንም ወደ ደሴ ሰዓት መልሶ መቀነስ ነው። ደሴ ብትቀድማቸውም የእኛ አቆጣጠር ከትኬቱ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ስለሚያንስ፣ በክረምታቸው ከለንደን ሰዓት 3፣ ከፍራንክፈርት 4 ይቀንሱ፤ በበጋቸው ደግሞ 4 እና 5። እንግዲህ 10:00 ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 12:40 ደግሞ 8 ሰዓት ከ40 ይሆናል፤ በመካከሉ ያለው 1 ሰዓት ከ40 እውነተኛው ጊዜ ነው። መልሱ 13 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ይቀንሱለት፤ መልሱ ከ1 ሰዓት የሚያንስ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው በትኬቱ ሰዓት ላይ 12 ይጨምሩ። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ ማለትም በእኛ መጋቢትና ጥቅምት ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ትኬት ቀኑን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። አዲስ አበባ በ12ኛው ቀን 00:30 ይደርሳል ከተባለ፣ እንግዳው የሚገባው 11ኛው ቀን መሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ፣ ከደሴ የሚነሣ ተቀባይ በ11ኛው ቀን ጠዋት መንገድ መጀመር አለበት። እኔ ይህን ያወቅሁት አክስቴ ቦሌ አምስት ሰዓት ብቻዋን ሻንጣዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው።