የቤዝመንት ክፍልን በራስ እጅና በአነስተኛ ወጪ ማሳመር

ከምድር በታች ያለ ክፍል ከላይኞቹ የሚለየው በጨለማው ብቻ አይደለም። ግድግዳዎቹ በውጭ በኩል የሚያርፉት አፈር ላይ ስለሆነ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈሩ የጠጣውን ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሊያሳልፉ ይችላሉ። በዚህም የተነሣ ላይ ቤት በቀለም የሚጀመረው ሥራ እዚህ ከቀለሙ ብዙ ቀደም ብሎ መጀመር ይኖርበታል። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት ቀን ሙሉ ደክሜ በቀባሁት ግድግዳ ነው፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውኃ ቋጠረ፣ በጣት ስነካውም እየተፈረፈረ ረገፈ። ቀለሙ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት ግድግዳውን ሳልመረምር የቀባሁት እኔ ነበርኩ።

ምርመራው ቀላልና ወጪ የሌለው ነው። ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቆርጦ፣ አራቱንም ጠርዝ አየር በማያስገባ ፕላስተር ግድግዳው ላይ ማጣበቅና ቢያንስ 2 ቀን ሳይነኩ መተው ነው። ከዚያ በኋላ ጠብታው የታየው ግድግዳውን በሚነካው በኩል ከሆነ ውኃው የሚመጣው ከአፈሩ ነው፤ በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ የቤቱ አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ወደ ውኃ እየተለወጠ ነው። ሁለቱ ችግሮች ሲታዩ ቢመሳሰሉም መፍትሔያቸው ለየብቻ ነው። በደረቅ ወቅት የተደረገ ምርመራ ስለሚያታልል፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ቢደገም ይመረጣል፤ ወለሉም በዚሁ መንገድ መፈተሽ አለበት።

ውኃው ከአፈር የሚመጣ ከሆነ መፍትሔውን መጀመሪያ መፈለግ የሚገባው ከውጭ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው የጣሪያውን ውኃ ሰብስቦ እዚያው ግድግዳው ሥር በሚያፈስ አሸንዳ ላይ ነው። የመውረጃውን ቱቦ በትርፍ ቧንቧ ቀጥሎ ውኃው ከግድግዳው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቆ እንዲፈስ ማድረግ፣ አሸንዳውን ከቅጠል ማጽዳት፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን አፈርም በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ መደልደል አካፋና ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካለ ሁለቱን ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ከጎኑ ቀኑን ጽፎ ከወር በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ስንጥቁ ባለበት ከቆየ በሲሚንቶ መሙያ ይደፈናል፤ ከረዘመ፣ ከሰፋ ወይም ግድግዳው ወደ ውስጥ ከጎበጠ ግን ጉዳዩ የመሐንዲስ ነውና የማሳመሩ ሥራ ሊቆም ይገባል።

ችግሩ ከአየሩ ከሆነ በቅድሚያ መታረም ያለበት ልማዳችን ነው። ብዙዎቻችን ክፍል ሲታፈን መስኮት መክፈት ይቀናናል፤ ነገር ግን ውጭው ሞቃትና እርጥብ በሆነ ቀን ቤዝመንቱን መክፈት ማለት በእርጥበት የተሞላ አየር ጋብዞ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ እንዲያወርዛ ማድረግ ነው። ስለዚህ መስኮቱ የሚከፈተው ውጭው ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥም ልብስ ማድረቅ አይገባም። የአየሩን እርጥበት የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ገዝቶ ንባቡን ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ማቆየት ሻጋታን ይከላከላል። በጀቱ አንድ ማሽን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከሶፋው በፊት እርጥበት የሚመጥ መሣሪያ ቢገዛ ይሻላል እላለሁ።

ግድግዳው መድረቁ ከተረጋገጠ በኋላ ጽዳቱ ይጀመራል። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ከታየ፣ ውኃው ከሲሚንቶው አውጥቶ የተወው ጨው ነው፤ በውኃ ማጠብ ጨውን አሟሙቶ ወደ ግድግዳው ስለሚመልሰው በደረቅ የሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ መጥረግ ይበጃል። ሻጋታ ካለ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ በሳሙናና በውኃ ማሸት፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ነው። በረኪና የሚጠቀም ሰው አሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቅለው፤ ከውሕዱ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ እንዲህ ባለ የታፈነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማምለጫው ጠባብ ነው። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ ያሻዋል፦ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት፣ የድሮ የወለል ንጣፍ ደግሞ አስቤስቶስ የተባለው፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳይመረመሩ በደረቁ መፋቅም ሆነ መፈንቀል አይገባም።

የተላጠውን ቀለም በስፓቱላ አንሥቶ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ከጠረጉ በኋላ፣ ለሲሚንቶ ግድግዳ የተዘጋጀ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ፣ ይቀባል። ከዚያ በላይ የሚመረጠው በውኃ የሚቀጥነው የፕላስቲክ ቀለም ነው፤ የዘይት ቀለም ግድግዳውን አፍኖ የቀረውን እርጥበት ከጀርባው ስለሚያስቀር ውሎ አድሮ ይላጣል። የቀለሙን መጠን በግምት መግዛት ለብክነት ይዳርጋል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.3 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ በከፍታው ሲባዛ 32 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስም ወደ 30 ይጠጋል። አንድ ሊትር በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ ቅብ 6 ሊትር ይበቃል፤ ሻካራ ግድግዳ ግን ከዚህ የበለጠ ይጠጣል። ቀለሙ በተለያዩ ጣሳዎች ከተገዛ፣ መሐል ግድግዳ ላይ መልኩ እንዳይለያይ ሁሉንም በአንድ ባልዲ ማዋሐድ ነው።

ስለ ቀለም ምርጫ ሲነሣ «ጨለማ ክፍል ነጭ ይቀባ» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል፤ እኔ ግን ብዙም አልስማማበትም። ድፍን ነጭ የሚያምረው የሚያንጸባርቀው የቀን ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት በሆነበት ክፍል ግን አመድ መስሎ ይቀራል። ወደ ክሬም ወይም ወደ ፈዛዛ ቢጫ ያደላ ቀለም እዚህ የበለጠ ይሞቃል። ከመወሰን በፊት ግማሽ ሜትር ያህል በሁለት ግድግዳዎች ላይ ቀብቶ ቀንም፣ ማታ መብራት በርቶም ማየት ከጸጸት ያድናል። ጣሪያው ላይ የተጋለጡ ቧንቧዎችና የሽቦ ማስተላለፊያዎች ካሉም በኮርኒስ መሸፈን የለባቸውም፤ ከጣሪያው ጋር በአንድ ቀለም ሲቀቡ ዐይን አይለያቸውም፣ ክፍሉም ከፍታ አያጣም። የውኃ መዝጊያዎቹ ግን ሳይደፈኑ በቀላሉ የሚደረስባቸው ሆነው መቆየት አለባቸው።

ከጣሪያው መሐል የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ማዕዘኖቹን ስለሚያጨልም ክፍሉን የባሰ ጉድጓድ ያስመስለዋል። በዚያ ፈንታ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን መልክ መለኪያ) የሆነ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጡ ሦስት ወይም አራት የኤልኢዲ መብራቶች፣ አንዱ ወለል ላይ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ግድግዳውን እያበራ ቢቀመጡ ክፍሉ ይሰፋል። መስታወት የሚሰቀለው ከመስኮቱ ትይዩ ነው፤ ጨለማ ግድግዳ ፊት የተሰቀለ መስታወት ጨለማውን እጥፍ ከማድረግ በቀር አይጠቅምም።

ወለሉን በተመለከተ፣ በሲሚንቶ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ምንጣፍ ርካሽ ቢመስልም ከሥሩ እርጥበት አፍኖ ስለሚሸት አልመክረውም። ሲሚንቶውን በወለል ቀለም ቀብቶ፣ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ትንሽ ምንጣፍ ጣል ማድረግ ይሻላል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው እግር ያላቸውንና ከእንጨት የተሠሩትን ይምረጥ፤ ሁሉም ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ተርቀው አየር ያሳልፉ። ክፍሉ የመኝታ ከሆነ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮትና የጭስ ማስጠንቀቂያ የግድ ነው፤ በነዳጅ ወይም በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ባለበት የአየር መግቢያውን ሳይደፍኑ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያም መግጠም ያስፈልጋል።

ዕቃው ገብቶ ካለቀ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ማግስት ምንጣፉን ገልጦ፣ ቁም ሣጥኑንም ሳብ አድርጎ ወለሉንና የግድግዳውን ሥር በመዳፍ መዳሰስ ያሻል። እጅ ላይ ቅዝቃዜ ብቻ ከተሰማ ደህና ነው፤ መዳፉ ከረጠበ ግን ያ ፕላስቲክ እዚያው ቦታ ላይ ዳግመኛ ይለጠፋል።