ጦሳ ቅርብ ነው ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች

የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባላል። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው የጦሳ ተራራ እንደዚያ ነው። ጠዋት መስኮት ሲከፈት አለ፤ ማታ በር ሲዘጋ አለ። ጉም ሲሸፍነው እንኳን የት ጋ እንደቆመ እናውቃለን። ለኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ የጎፍ ተራራ እንደዚሁ ነው። በየቀኑ ስለምናያቸው የምናውቃቸው ይመስለናል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ መውጣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ሰው ክፉኛ የሚቸገረው እዚሁ ቤቱ አጠገብ መሆኑን ነው። ሩቅ የሚሄድ ሰው ይዘጋጃል፣ ይጠይቃል፣ ስንቅ ይቋጥራል። ጦሳ የሚወጣ ግን "መጣሁ" ብሎ ብቻ ይወጣል። ከታች የጻፍኳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

አርፍዶ መነሳት

ቁርስ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ አንዱ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከዚያ 4 ሰዓት ላይ ጉዞ ይጀመራል። በበጋ ይህ ብዙ አይጎዳም። በክረምት ግን ትልቅ ስህተት ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ተራራውን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ለዚህ ነው ጠዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከ7 እና ከ8 ሰዓት በኋላ የሚያጉረመርመው። መብረቅ ደግሞ የሚመርጠው ጫፉን ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ከጋራው ጫፍ መውረድ ነው እንጂ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም።

እኛ አሁን 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን። የመመለሻ ሰዓታችንንም ገና ከቤት ሳንወጣ እንቆርጣለን። "6 ሰዓት ከሆነ የትም እንሁን እንመለሳለን" እንባባላለን። ጫፉ ፊት ለፊት እየታየ መመለስ በጣም ይከብዳል። ሰዓቱን ቀድሞ መቁረጥ የሚጠቅመውም ለዚያች ደቂቃ ነው።

አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ምሽቱ ረጅም አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ጦሳ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ በደሴ በኩል ያለው ጥላ ከዚያም ቀድሞ ነው የሚወድቀው። የእጅ ባትሪ ያዙ። የስልክ መብራት ስልኩን ይጨርሰዋል፤ ስልኩ ደግሞ ለሌላ ነገር ያስፈልጋል።

በጉም ውስጥ "ቁልቁል ከሄድን ከተማ እንደርሳለን" ማለት

ይህን በራሴ ነው የተማርኩት። አንድ የነሐሴ ቅዳሜ ጦሳ ላይ አራት ሆነን ነበር። ከተማው ከታች ወለል ብሎ ይታያል። ዳቦ ቆሎ እየበላን አረፍ ባልንባት ቅጽበት ጉሙ መጣ። ከፊቴ የተቀመጠው ጓደኛዬ ልብሱ እንጂ ፊቱ አይታየኝም። ትንሽ ጠበቅን፤ አልገለጠም። ብርዱ ገባን። ከዚያ አንዳችን "ቁልቁል ነው፤ ምን ችግር አለው?" አለ። ሁላችንም ተስማማን።

የተራራ ላይ የከብት መንገድ እንደ ሐረግ ነው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ሁሉም ሰው የሄደበት ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከወረድን በኋላ እግራችን ሥር ያለው ድንጋይ መንሸራተት ጀመረ። ድንጋይ ሲወርድ ይሰማል፤ ሲያርፍ ግን አይሰማም። ያኔ ነው ከጉሙ ውስጥ ድምፅ የመጣው።

"ወዴት ነው ልጆቼ?"

ከብት የሚጠብቁ አባት ናቸው። "ወደ ከተማ ነው አባባ" አልናቸው።

"ይቺማ ገደል ናት። ለፍየልም አትመች። በሉ ተመለሱ፣ ተከተሉኝ።"

መልሰው ሽቅብ አወጡን። መንገዱ ላይ ያሉንን ዛሬም አልረሳሁትም። "እበት አትከተሉ፤ ፋንድያ ተከተሉ።" ከብት ሣር ወዳለበት ይሄዳል። አህያ ግን ጭነት ይዛ ገበያ ደርሳ የምትመለስ ናት፤ የሄደችበት መንገድ መጨረሻው ሰው ቤት ነው። እውነታቸውን ነበር። የአህያ መንገድ አግኝተን በሰላም ወረድን።

ጉም ሲመጣ እንግዲህ ቆም በሉ። ያላችሁን ልብስ ደርቡ፣ ተሰብሰቡ፣ ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ይገልጠዋል። መሄድ ግድ ከሆነ በመጣችሁበት መንገድ ብቻ ተመለሱ። ስለዚህ ስትወጡ አልፎ አልፎ ዞር ብላችሁ መንገዱን ከላይ ማየት ልመዱ። መንገድ ሲወጡት እና ሲወርዱት አንድ አይመስልም።

"ቅርብ ናት"ን እንደ ሰዓት መቁጠር

የወሎ ገበሬ ለመንገደኛ አዛኝ ነው። "እቺው ናት፣ ደረሳችሁ" ይላችኋል። ለእሱ ቅርብ ናት፤ ዕድሜውን ሙሉ ተራምዶባታል። ለኛ ግን ሦስት ሰዓት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ "ሩቅ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሰን እንመለሳለን?" በሉ። መልሱ ወዲያው ይለወጣል። ልብሳችሁንና ጫማችሁን አይቶ ነው የሚመልስላችሁ።

በኮምቦልቻ ልብስ ደሴ ላይ መውጣት

ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ የወጣ ሚኒባስ መስኮቱን ለምን እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ብቻ 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ተራራው ሲጨመር፣ ነፋሱ ሲጨመር፣ ዝናቡ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ በቲሸርት የሚመጡ ወዳጆቼን ሁሌም የምለምናቸው አንድ ሹራብና አንድ ዝናብ የማያስገባ ነገር እንዲይዙ ነው። ጋቢ ደረቅ ሲሆን የሚተካው የለም። ከራሰ ግን ጥጥ ስለሆነ ውሃውን ይዞ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል። የሱፍ ሹራብ ይሻላል።

ወደ አምባ ፈሪት ተራራ አካባቢ ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ መሆኑን አስቡ። ደጋ ለለመደ ሰው እንኳን ራስ ምታት ያመጣል። ራስ ምታቱ ላይ ማስመለስ ከተጨመረ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ቦርከናን በበጋ መልኩ መገመት

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ጋራዎች ተነስቶ፣ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ሸለቆ አልፎ፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ በከሚሴ በኩል አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል። በበጋ ድንጋዩ ይበዛል፣ ውሃው ያንሳል። ልጆች እየዘለሉ ይሻገሩታል። ችግሩ የሚመጣው ይህችን የበጋ መልክ ይዘን በክረምት ስንሄድ ነው።

ደራሽ ውሃ ለመምጣት እናንተ ያላችሁበት ቦታ ዝናብ መኖር የለበትም። ላይ ደሴ ዘንቦ እናንተ ታች ፀሐይ እየሞቃችሁ ሊሆን ይችላል። ቁልቁለት የበዛበት፣ ዛፉ የሳሳ ጋራ ውሃውን አይዝም፤ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ሸለቆው ጠባብ ሲሆን ደግሞ ውሃው የሚሰፋበት ስለሌለው ከፍ ይላል። ይህ ለቦርከና ብቻ አይደለም። በየጎፍ ግርጌና በሐረጎ ሥር ያሉት ደረቅ ጅረቶች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ለወሎ ደግሞ ክረምት ብቻ አይበቃም። በልግም አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ በጋ ነው ብሎ ጅረት ውስጥ ምሳ ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው አይቼ ልቤ ይደነግጣል።

ምልክቶቹን እወቁ። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ የከባድ መኪና የሚመስል ድምፅ ከተሰማ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ዳገቱ ውጡ። ከሞላ በኋላ አትሻገሩ። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ይጥላል። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ደራሽ እንደመጣ ቶሎ ይጎድላል።

ስለመጠጥ ውሃም ልንገራችሁ። የቦርከና ውሃ ከተማ አቋርጦ የሚመጣ ነው፤ ፊት መታጠቢያም አይሆንም። ምንጭ ንጹሕ ይመስላል፤ ግን ተደፍቶ መጠጣት የአልቅት በር ነው። አንድ ጓደኛችን ከምንጭ በአፉ ጠጥቶ ለቀናት አፍንጫው ሲደማ ከርሟል። አልቅቷን ያወጡለት ሐኪም ቤት ነው። ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ካለቀባችሁ አፍልታችሁ ጠጡ። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ገና 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ሐይቅ ከተማ ሄዶ መዋኘት የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ ሲያዩት ዝም ያለ ነው። ጥልቀቱ ግን 80 ሜትር ያልፋል። የኩሬ ዋና የሚችል ሰው ራሱን እንደ ዋናተኛ አይቁጠር። ጀልባ ስትሳፈሩም የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለ ቅሩ።

የወደቀ ብረት ማንሳት

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ እንደነበር የረሳ የለም። በጋራዎቹ ላይ የተቆፈሩ ምሽጎች አሉ። ምሽግ ባለበት ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ የተቀበረ ነገር ይወጣል። የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትርገጡ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት። ለማስታወሻ ብላችሁ ቀለህ አትልቀሙ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ተናገሩ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ቀድሞ የሚያየው ልጅ ነው። ስለ አካባቢው ጸጥታም በዚያው ሳምንት የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ አትውጡ።

በሐምሌና በነሐሴ የተቆረጠ ዳገት ሥር ማረፍ

የደሴ ዳገት ብዙ ቦታ ላይ የላላ አፈርና ድንጋይ ተከምሮበታል። ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፎች ዘመም ካሉ፣ ትንንሽ ድንጋይ የሚንኮታኮት ከሆነ ፎቶ አትነሱ፤ እለፉ።

የጎፍ ውስጥ እሳት ማንደድ

ደን ውስጥ የሚፈላ ቡና እንዴት እንደሚጥም አውቃለሁ። ግን የጎፍ ጥድና ወይራ ያለበት ደን ነው፤ እንዲህ ዓይነት ደን ዙሪያችን ስንት ቀረ? ከኅዳር በኋላ ሣሩ ክብሪት ይጠብቃል። የወይራ ዛፍ ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚተካ አይደለም። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ስትገቡ የደን ጠባቂዎቹን አስፈቅዱ። የሃይላንዱን ጠርሙስ ይዛችሁ ውረዱ።

ተራራው ሰው የሌለበት ይመስል መሄድ

እርሻ አቋርጣችሁ አትሂዱ፤ በድንበሩ ዙሩ። ጠበልና ዝየራ ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ ጠይቁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ገዳም ነው፤ ሴቶች ወደ ዋናው ገዳም አይገቡም። ከሴት ጓደኞቻችሁ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው እንጂ በር ላይ አይስሙት።

ከጅብም ይልቅ የሚያሰጋው የቤት ውሻ ነው። ጎጆ ሲታያችሁ ከሩቅ "ቤቶች!" ብላችሁ ተጣሩ። ውሻው ከመጣ አትሩጡ፤ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ። ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነገ አትበሉ።

ለማንም ሳይናገሩ መውጣት

ከጋራው ጀርባ ኔትወርክ ይጠፋል። እኔ አሁን ከመነሳቴ በፊት ለእህቴ እንዲህ ብዬ እጽፍላታለሁ፦ "የጎፍን በኮምቦልቻ በኩል እየወጣን ነው። አራት ነን። 10 ሰዓት ላይ እንወርዳለን። 12 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ለእገሌ ደውዪ።" ስወርድ ደግሞ መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ነው።