ሞላና አሞርቲዛተር ከተቀየረ በኋላ መሪ ሲያስቸግር

ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ ጋራዥ ገብታ ዝቅ የተደረገች የስፖርት መኪና መሪዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ወደ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ከመሮጣችሁ በፊት እግሯን፣ ማለትም ሞላውን፣ የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን አሞርቲዛተርና ጎማውን የሚይዙትን ክፍሎች ፈትሹ።

መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ንፋስ አስተካክላችሁ ግራና ቀኙን አቀያይሩ። የሚስብበት ጎን ከተገለበጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። (የአቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ከሆነ ለአጭር ሙከራ ብቻ።) ሙከራው ሜዳማ አስፋልት ላይ ይሁን፤ መንገድ ውሃ እንዲፈስ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል በጣም ትንሽ ወደ ቀኝ መሄድ በሽታ አይደለም።

መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ ካልተመለሰ የብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒዎችን፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ላስቲኮቹን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው፦ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ የብራቾው ብሎን እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ውሎ አድሮም ይቀደዳል። ብሎኖቹን አላሉ፣ መኪናዋን በጎማዎቿ አቁሙ፣ ፊቷን ሁለት ሦስቴ ወደ ታች ተጫኑ፣ ከዚያ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ።

ጎማው ከመሬት ተነስቶ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከላላ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው፤ ላይና ታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከላላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ወይም የብራቾ ቦል ጆይንት (ባለ ኳስ መገጣጠሚያ)። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ሞላው ድምፅ እያሰማ ከዘለለ፣ የአሞርቲዛተሩ የላይኛው ኩሽኔታ ተጣብቋል ወይም በትክክል አልተገጠመም። ጣት በሞላው ቀለበቶች መሃል አይገባም!

አላይመንት የመጨረሻው ነው። መኪና ዝቅ ሲል ቶው (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) እና ካምበሩ (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) አብረው ይቀየራሉ፤ የግራና የቀኝ ካምበር ልዩነት ከ0.5 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የመረጋጊያ ሲስተሙ (መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚቆጣጠረው) መብራት ከበራ የመሪ አንግል ሴንሰሩ በስካነር ዜሮ ይደረግ።